የአፍንጫ ውለታ

ያኩትስክ ላይ በጥር፣ ብርዱ ሃምሳ ሲያልፍ፣
ትንፋሽ ከከንፈር ደጅ ውርጭ ሆኖ ሲረግፍ፣
ድምፅ አለው፤ እንደ ደረቅ ገለባ ይንኮሻኮሻል፤
ያገሩ ሰው ቆም ብሎ «ኮከብ ያንሾካሽካል» ይላል።
እኔ ግን ነርስ ነኝ፣
የጉሮሮ ክፍል የሌሊት ተረኛ ነኝ፤
ከሰማዩ ይልቅ አፍንጫ ነው የሚደንቀኝ።

ሁለት ጠባብ ቀዳዳ፣ ጠጉር የሚጠብቀው ደጃፍ፣
ከውስጥ ሦስት መደርደሪያ፣ ጥቅልል እንደ ቅጠል ጫፍ፤
እርጥብ፣ ደም የጠገበ፣ ምድጃ ነው እሳት አልባ፤
ብርድ ቢላውን ስሎ በዚያ በኩል ሲገባ
ስለቱ ይዶለዱማል፤ ጤዛ ለብሶ ይለዝባል፤
አቧራው ከንፍጡ ጋር እዚያው ተይዞ ይቀራል፤
ባዕድ ሆኖ የገባው፣ ሳንባ ዘንድ ዘመድ ሆኖ ይደርሳል።
ማንም ግን «ተመስገን አፍንጫዬ» ብሎ አያውቅ፤
ስሙ የሚነሣው ጉንፋን ደፍኖት መሐረብ ሲያስጨንቅ።

ወረድ በሉ። ከላንቃ በስተኋላ፣ እንጥል ከሚንጠለጠልበት፣
አደባባይ አለ፣ ዓሣና ትንፋሽ የሚተላለፉበት፤
ትራፊክ የለው፣ መብራት የለው፤
አንዲት ቅጠል የምታህል ክዳን ናት ዘበኛው።
ዋጥ ስናደርግ ጋደም፣ ስንተነፍስ ቀና፣
ያለ ደመወዝ፣ ያለ ዕረፍት፣ ያለ ምስጋና።
አንዴ ብታንቀላፋ ያው ትንታ ነው፤
«ትን ይበለኝ» ብለን የምንምለው
በሷ መሆኑን ስንቱ ነው የሚያውቀው?
ከሷ ሥር ማንቁርት፣ በማንቁርት መሃል ሁለት ነጭ ጅማት፤
ሲለያዩ እስትንፋስ፣ ሲሳሳሙ ቃላት።

ፕሮኮፒ የሌናን ወንዝ በጀልባ ሲያቋርጥ ኖሮ፣
ጭጋጉን በጩኸት ሲቀድ፣ ትምባሆውን ሲምግ ኖሮ፣
መጀመሪያ ድምፁ ሻከረ፤
ኋላ እንደ ዛገ ማጠፊያ ሲጥ ሲጥ አለ፤
ኋላ ዕጢው ተገኘ።
ማንቁርቱ ከነጅማቱ ወጣ።
አሁን የሚተነፍሰው ካንገቱ ግርጌ፣ ሣንቲም ከምታህል ቀዳዳ፤
አፍንጫው በሩን ከፍቶ የሚውል፣ እንግዳ ያጣ ጓዳ።
ልጁ ናርያና የዓሣ ሾርባ ብታመጣ
እንፋሎቱ ፊቱን አራሰው፤ ሽታው ግን ከየት ይምጣ?
ብርዱም ከእንግዲህ ምድጃ የሚያሞቀው የለው፣
በቀጥታ ሳንባውን ነው የሚወጋው።
እኔ ቱቦ ማጠብ አስተማርኳት፤
እሷ ከጥንቸል ጠጉር የሠራችውን ሻርፕ ቀዳዳው ላይ አሰረችለት፤
ሞቅ ያለ፣ ረጠብ ያለ፣ አፍንጫ ማለት።
በመርፌና በክር ምን ያህል ቀረበች! መምህሮቼ ባዩላት።

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት
ከሰባት ቁጥር ክፍል ድምፅ ሰማሁ።
እንጥሌ ዱብ አለ፤
እዚያ ክፍል ድምፅ ያለው ሰው የለም።
በሩን ገፋሁ።
ፕሮኮፒ ኮሙሱን ጥርሱ መሃል ይዟል፣
ያቺን የብረት ምላስ፣ ያገሩ ሰው ከኪሱ የማያጣት፤
በጣቱ ሲነካት አንድ ቃል ብቻ ታውቃለች፤
ምላሱን ወደ ላንቃው ሲያወጣ ወፍ ትሆናለች፤
ጉንጩን ሲያሰፋ የፈረስ ኮቴ፣
ጉሮሮውን ሲከፍት፣ ግንቦት ላይ የሚሰነጠቅ የወንዝ በረዶ።
ያለ ትንፋሽ!
ድምፁን ነው እንጂ የቆረጥነው፣
ድምፅ የሚያድርበትን ቤት መች አፈረስነው?
ላንቃው አለ፣ ምላሱ አለ፣ ጉንጩ አለ፤
ብረት ተከራይ ገብቶበት፣ ቤቱ ዳግም ሞቀ።

ሲጨርስ ሰሌዳውን ስቦ ጻፈ፦
«ውጭ ምን ይሸታል?»
ትንሿን መስኮት ከፈት አድርጌ
ለሁለት ሰው የሚበቃ ሳብኩ፤
ብርዱ መደርደሪያዬን ዳሶ፣ ሞቆ፣ ወረደ።
«ናፍጣ» አልኩት። «ናፍጣና ብረት።
ደግሞ ከሩቅ፣ አንድ ሰው ዳቦ አውጥቷል።»
ዓይኑን ጨፈነ።